የብረት ድምፅ ሰሌዳ ለፒያኖ፦ ላሜራ ያስተጋባል ወይስ ያፍናል?

የክሩ መነሻ ጥያቄ

ክር የምለው በአንድ ጥያቄ ሥር ተራ በተራ የተጻፉትን መልሶች ነው። ጠያቂው ያነሳው ጉዳይ ግልጽ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የአንድ ቋሚ ፒያኖ የድምፅ ሰሌዳ በሦስት ቦታ ተሰንጥቋል። ሰሌዳው ብዙዎቻችን ሳውንድቦርድ የምንለው፣ ከአውታሮቹ ጀርባ ያለው ሰፊና ስስ እንጨት ነው፤ ወርዱ 1.4 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ገደማ። ጠያቂው እንጨቱን ነቅሎ በቦታው 2 ሚሊ ሜትር የብረት ላሜራ ለመግጠም አስቧል። አንደኛው ምክንያቱ ብረት በበጋ ደረቅ አየር የማይሰነጠቅ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ብረት ሲመቱት ከእንጨት ይልቅ ረጅም ጊዜ ስለሚጮኽ ፒያኖው የበለጠ ያስተጋባል የሚል ነው። የትኛው ብረት ይሻላል፣ ውፍረቱ ስንት ይሁን፣ አውታሮቹ የሚያርፉበት ብሪጅስ በምን ይያያዝ ብሎ ጠየቀ።

መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር አስቀምጣቸዋለሁ። የተስማማሁበትንና ያልተስማማሁበትንም እግረ መንገዴን እናገራለሁ።

1ኛ መልስ

የመጀመሪያው መላሽ በትሕትና ነው የገባው። ስንጥቁ ጠያቂውን ማሳሰቡ ተገቢ መሆኑን ተቀብሎ፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች «ማስተጋባት» በሚል አንድ ቃል እንደተጠሩ ግን አሳየ። ደወል የሚሠራው ራሱ እንዲጮኽ ነው፤ አንዴ ከተመታ የያዘውን ጉልበት ቀስ እያለ በገዛ ድምፁ ይለቃል። የፒያኖ ሰሌዳ ግን የራሱ ድምፅ ሊኖረው አይገባም። ሥራው፣ የትኛውም ቁልፍ ቢመታ፣ አውታሩ የሰጠውን ንዝረት ተቀብሎ ሳያዳላ ለአየሩ ማስረከብ ነው። ለራሱ የሚጮኽ ሰሌዳ አንዱን ኖታ ያጎላል፣ ሌላውን ይውጣል፤ አውታሩ ታፍኖ ዝም ካለ በኋላም እሱ ማላዘኑን ይቀጥላል። በዚህ መላሽ እይታ የብረቱ ረጅም ጩኸት ከሁሉ በፊት መፍትሔ የሚያሻው ችግር እንጂ ጥቅም አይደለም። እኔም በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ከታች የተነሳው ክርክር ሁሉ የሚመለሰው ወደዚህችው ነጥብ ነው።

2ኛ መልስ

ሁለተኛው ሒሳብ ይዞ መጣ። ድምፅ በሲትካ ስፕሩስ፣ ማለትም የፒያኖ ሰሌዳ በተለምዶ በሚሠራበት እንጨት ውስጥ፣ በጭረቱ (በእንጨቱ ቃጫ) አቅጣጫ ሲሄድ ፍጥነቱ በሴኮንድ 5,200 ሜትር ያህል ነው። በአሉሚኒየምና በብረትም 5,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ በፍጥነት ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ያለው ክብደት ላይ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ስፕሩስ 400 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ አሉሚኒየም 2,700፣ ብረት 7,850። ፍጥነቱን ለእፍግታው ሲያካፍሉት ስፕሩስ 13፣ አሉሚኒየም 1.9፣ ብረት 0.65 ይወጣቸዋል። የመሣሪያ ሠሪዎች እንጨት ሲመርጡ የሚያዩት ይህንን ቁጥር ነው፤ ከፍ ባለ መጠን ሰሌዳው ለክብደቱ ብዙ ድምፅ ይሰጣል።

ቀጥሎ ጥያቄውን በተግባር አሰላው። 8 ሚሊ ሜትር ስፕሩስ በካሬ ሜትር 3.2 ኪሎ ነው። በጭረቱ አቅጣጫ ያለውን ያህል ግትርነት ለማግኘት አሉሚኒየም 4.2 ሚሊ ሜትር መወፈር አለበት፣ ክብደቱም በካሬ ሜትር 11 ኪሎ ይሆናል። ብረት 2.9 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል፣ ግን 23 ኪሎ ይደርሳል። በዚህ ፒያኖ ስፋት ሲባዛ ስፕሩሱ 4.5 ኪሎ፣ አሉሚኒየሙ 16፣ ብረቱ 32 ኪሎ ነው። ጠያቂው ያሰበው የ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ከስፕሩሱ አምስት እጥፍ ያህል ከብዶ ግትርነቱ ግን ሲሶ ብቻ ነው። ከባድም ልፍስፍስም መሆኑ ነው።

3ኛ መልስ

ሦስተኛው ከጠያቂው ጎን ቆመ። ቁጥሩ ጥሩ ቢሆንም ጆሮ የሚመሰክረው ሌላ ነው ባይ ነው። ከብረት ጎድጓዳ ሳህን የተሠራ ክራር ከእንጨቱ ክራር ይልቅ ደማቅ ድምፅ እንዳለው አስታወሰ። በአሜሪካም በ1920ዎቹ መጨረሻ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የተሠሩት ባለ ብረት አካል ጊታሮች ከተራው ጊታር አልፈው በባንድ ውስጥ የሚሰሙ እንደነበሩ ጨመረ። ብረት ለእነዚህ ከሠራ ለፒያኖ የማይሠራበት ምክንያት አልታየውም።

4ኛ መልስ

አጭር እርማት ነው። በክራር ላይ ድምፁን ወደ አየር የሚገፋው ሳህኑ ሳይሆን አፉ ላይ የተወጠረው ቆዳ ነው። ሳህኑ አየሩን ይዞ ቆዳውን ይሸከማል። ስለዚህ የሳህን ክራር ስለ ብረት ሰሌዳ የሚመሰክረው ነገር የለም፤ እንዲያውም ሰሌዳው ምን ያህል ቀላል መሆን እንዳለበት ነው የሚያሳየው።

5ኛ መልስ

አምስተኛው ጊታሩን አንስቶ፣ 3ኛው መላሽ ፈጽሞ አልተሳሳተም በማለት ጀመረ። ጆን ዶፕዬራ በ1927 ለናሽናል ኩባንያ ባወጣው ጊታር ውስጥ ድምፁን የሚሰጡት ሦስት የአሉሚኒየም ሾጣጣዎች ናቸው። ብረታ ብረት ድምፅ አመንጪ ሊሆን እንደሚችል ይህ በቂ ማስረጃ ነው። ሚስጥሩ ያለው ግን ቅርጹ ላይ ነው። ስስ ቅጠል በሾጣጣ መልክ ሲጎብጥ፣ ክብደት ሳይጨምር ብዙ እጥፍ ግትር ይሆናል፤ ጠፍጣፋው ላሜራ ይህን አያገኝም። በዚያ ላይ የጊታር አውታሮች በድምሩ የሚወጠሩት በአሥሮች በሚቆጠር ኪሎ ሲሆን የፒያኖ አውታሮች ውጥረት ግን 18 ቶን አካባቢ ነው። አውታሮቹ ብሪጅ ላይ የሚታጠፉት አንድ ዲግሪ ብቻ ቢሆን እንኳ ሰሌዳውን ወደ ታች የሚጫነው ኃይል ከ300 ኪሎ ያልፋል። የጊታሩ ስስ ሾጣጣ በዚህ ሥር ወዲያው ይጨማደዳል።

6ኛ መልስ

እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ስድስተኛው መላሽ ያለ ሰላምታ ገብቶ፣ ፒያኖ ከፍተው የማያውቁ ሰዎች ይህን ያህል መጻፋቸው እንዳስቆጣው ገለጸ። ጠያቂውንም ላሜራውን ለግቢ በር እንዲያደርገው መከረው። ያቀረበው መከራከሪያ አንድ ነው፦ አልፊየስ ባብኮክ በ1825 በቦስተን ከብረት በአንድ ወጥ የተቀዳ ክፈፍ ካስመዘገበ ወዲህ ፒያኖ ውስጥ ብረት ሞልቷል፤ ብረት ድምፅ የሚያሻሽል ቢሆን ኖሮ ፋብሪካዎቹ ሰሌዳውንም ከብረት ያደርጉት ነበር። ስፕሩስን የተካ ነገር እስከ ዛሬ አልተገኘም ብሎ ደመደመ።

7ኛ መልስ

ሰባተኛዋ መላሽ በመጀመሪያ ስለ አነጋገሩ ተናገረች። ጠያቂው ለማወቅ እንጂ ለመከራከር እንዳልመጣ፣ ሰውን ማሸማቀቅም ጥያቄ እንደማይመልስ አሳሰበች። ከዚያ ወደ ፍሬ ነገሩ ገባች። የባብኮክ ክፈፍ የተፈጠረው ውጥረት እንዲሸከም ነው፤ ሠሪው ሁሉ የሚፈልገውም ክፈፉ ዝም እንዲል ነው። ፒያኖ ሠሪው ሜሰን ኤንድ ሃምሊን በ1900 በሪቻርድ ገርትዝ ንድፍ ከአግዳሚ ፒያኖዎቹ ሥር የዘረጋቸው የብረት ዘንጎችም የዙሪያ ግድግዳውን ጠፍረው ቅርጹን ይይዛሉ እንጂ ድምፅ አያወጡም። በ1936 ብሉትነር ለሂንደንበርግ አየር መርከብ የሠራው የአሉሚኒየም ቅይጥ ፒያኖም ክብደቱ ከ180 ኪሎ ያነሰው ክፈፉና አካሉ ስለቀለለ ነው። ብረት ተሸካሚ ሆኖ ማገልገሉ ስለ ብረት ሰሌዳ ደግም ክፉም እንደማይናገር አስረዳች።

የ6ኛው መላሽ መደምደሚያም ልክ አይደለም። በጀርመን ባይሮይት ያለው ሽታይንግሬበር የፒያኖ ፋብሪካ የካርቦን ፋይበር ሰሌዳ ያላቸው ፒያኖዎችን ሠርቷል። ስፕሩስ ሊተካ ይችላል፤ የሚተካው ግን እንደሱ ቀላልና ግትር በሆነ ነገር ነው። ይህ መልስ ክሩን ከመናቆር አውጥቶ ወደ ንድፍ መልሶታል፤ ከዚህ በኋላ ያሉት አራት መልሶች ከሁሉም ይበልጥ ጠቅመውኛል።

8ኛ መልስ

ስምንተኛው ያነሳው ብዙ ሰው የሚዘነጋውን ነገር ነው። ሰሌዳ መንቀጥቀጡ ብቻ ድምፅ አያወጣም። ንዝረቱ በሰሌዳው ላይ እንደ ሞገድ ይጓዛል፤ አንዱ ቦታ ሲያብጥ ጎኑ ይጎደጉዳል። ሞገዱ በሰሌዳው ላይ የሚሄደው አየር ውስጥ ካለው የድምፅ ፍጥነት ባነሰ ፍጥነት ከሆነ፣ በእብጠቱ የተገፋው አየር ወደ ጎረቤቱ ጉድጓድ ይሸሻል፤ ክፍሉ ውስጥ የሚደርሰው ጥቂት ነው። የሁለቱ ፍጥነት የሚተካከልበት ድግግሞሽ ለ8 ሚሊ ሜትር ስፕሩስ በጭረቱ አቅጣጫ 1,500 ሄርዝ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ሰሌዳው በነጻነት ይሰጣል። ለ4.2 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም 2,800 ሄርዝ ይሆናል፤ ለጠያቂው የ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ግን ወደ 6,000 ሄርዝ ይወጣል። የፒያኖው የመጨረሻ ቁልፍ 4,186 ሄርዝ መሆኑን ስናስብ፣ ላሜራው የሁሉንም ቁልፎች መሠረታዊ ድምፅ በደካማው ክልል ውስጥ ይዞ ይቀራል ማለት ነው።

ይህ ጠያቂውን ያሳሳተውን ነገርም ይፈታል። ላሜራ ረጅም ጊዜ የሚጮኸው ጉልበቱን ለአየር መስጠት ስለማይችልና በውስጡም ስለማያባክነው ነው። እንጨቱ ቶሎ ዝም የሚለው በከፊል ሥራውን ቶሎ ስለሚጨርስ ነው።

አክሎም ስለ ውፍረት አስጠነቀቀ። ላሜራው ወፍሮ ይስተካከል ቢባል፣ 2.9 ሚሊ ሜትር የሆነው ብረት አውታሩን የሚቃወምበት ኃይል ከስፕሩሱ 2.7 እጥፍ ይደርሳል። ያን ጊዜ አውታሩ ጉልበቱን አሳልፎ መስጠት ያቅተዋል፤ ኖታው ይረዝማል፣ ግን ከሩቅ የመጣ ያህል ይደክማል። በተቃራኒው ሰሌዳው ከመጠን በላይ ከቀለለ ድምፁ ጮክ ብሎ ወዲያው ይሞታል፣ እንደ ባንጆ። ንድፍ የሚባለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቦታ መፈለግ ነው።

9ኛ መልስ

ዘጠነኛዋ መላሽ፣ ብረታ ብረት መጠቀም ግድ ከሆነ አንድ መንገድ ብቻ እንደሚያዋጣ አሳየች፦ ስስ ቅጠሎችን አራርቆ መሃላቸውን ባዶ ማድረግ። ሁለት የአሉሚኒየም ቅጠሎች፣ እያንዳንዳቸው 0.3 ሚሊ ሜትር፤ በመሃላቸው የንብ ሰፈፍ የሚመስል ባለ ስድስት ጎን ክፍልፋዮች ያሉት፣ 6 ሚሊ ሜትር የሚወፍር የአሉሚኒየም እምብርት። በአውሮፕላን ወለል ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። ሁለቱ ቅጠሎች በካሬ ሜትር 1.6 ኪሎ፣ እምብርቱ 0.5፣ ማጣበቂያው 0.4፤ በድምሩ 2.5 ኪሎ። ግትርነቱ ከ8 ሚሊ ሜትር ስፕሩስ ጋር እኩል ሆኖ ከክብደቱ ግን ከሃያ በመቶ በላይ ይቀንሳል። በ8ኛው መልስ የተባለው የመተካከያ ድግግሞሽም ወደ 1,350 ሄርዝ ይወርዳል።

ሌላም ብልጫ አለው። ስፕሩስ ከጭረቱ አግድም ሲለካ ግትርነቱ ከአሥር ጊዜ በላይ ስለሚያንስ ነው ከጀርባው አግዳሚ ዘንጎች፣ ማለትም ሪቦች፣ የሚጣበቁለት። ባለ ሰፈፉ ሰሌዳ በየትኛውም አቅጣጫ ሲታጠፍ ግትርነቱ ተቀራራቢ ስለሆነ ሪቦቹን ሊቀንስ ወይም ጨርሶ ሊያስቀር ይችላል። እምብርቱ ግን ከወረቀት የተሠራው የኖሜክስ ዓይነት እንዳይሆን አጥብቃ አስጠነቀቀች። የኖሜክስ የመንሸራተት ግትርነት ከአሉሚኒየሙ አንድ አሥረኛ አካባቢ ነው። በታችኞቹ ኖታዎች አይታወቅም፤ የላይኞቹ ሁለት ኦክታቮች ጋ ሲደርስ ግን ሁለቱ ቅጠሎች አንዱ በአንዱ ላይ እየተንሸራተቱ ሰሌዳው ይለሰልሳል፣ ድምፁም ይደነዝዛል።

10ኛ መልስ

አሥረኛው ሒሳቡን ተቀብሎ አንድ ነገር እንደቀረ አመለከተ፤ የአሉሚኒየም ጩኸት አሁንም አለ። ሙሉ ሰሌዳ ከመሥራት በፊት በቁራጭ መሞከር እንደሚገባ ገልጾ አሠራሩን ዘረዘረ። 300 በ50 ሚሊ ሜትር የሆነ ቁራጭ ይቆረጣል። ከሁለቱም ጫፎች 67 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ በስስ ክር ይንጠለጠላል፤ ቁራጩ ሲታጠፍ እነዚህ ነጥቦች ስለማይንቀሳቀሱ ክሩ ንዝረቱን አያፍንም። መሃሉ በእርሳስ ጀርባ ላጲስ መታ ይደረግና ድምፁ በስልክ ይቀዳል። የ8 ሚሊ ሜትር ስፕሩስ ቁራጭ 475 ሄርዝ አካባቢ ሰጥቶ ከግማሽ ሴኮንድ ትንሽ አልፎ ይጠፋል። የ4 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ቁራጭ 230 ሄርዝ አካባቢ ሰጥቶ ለብዙ ሴኮንዶች ይዘፍናል። ባለ ሰፈፉ ቁራጭ በማጣበቂያው ምክንያት ከወጥ አሉሚኒየም ቶሎ ቢረግብም ወደ ስፕሩሱ ለመቅረብ ተጨማሪ ማርገቢያ ያስፈልገዋል።

ለመኪና በር የሚለጠፈው ባለ ፎይል የቡቲል ላስቲክ ለዚህ ይሆን እንደሆነ አንድ ሰው በመሃል ጠይቆ ነበር። አሥረኛው ሲመልስ፣ 2 ሚሊ ሜትሩ በካሬ ሜትር ወደ 3 ኪሎ እንደሚመዝን አሳየው። ሰሌዳውን በሙሉ ቢሸፍኑት በ9ኛው መልስ የተገኘው ቅለት ተመልሶ ይሄዳል። ስለዚህ በጠባብ ቁራጮች፣ ሰሌዳው በብዛት በሚታጠፍባቸው ቦታዎች ብቻ፣ ከጠቅላላው ስፋት ከአንድ አምስተኛ ባልበለጠ እንዲለጠፍ ሐሳብ ሰጠ። ቦታዎቹን ለማግኘት ሰሌዳው በአግድም ተቀምጦ ደቃቅ አሸዋ ይነሰነስበታል፣ ከሥሩ በድምፅ ማጉያ ይንቀጠቀጣል። አሸዋው የሚሸሸው ሰሌዳው በኃይል ከሚንቀሳቀስበት ቦታ ነው።

11ኛ መልስ

ይህ የአሠራር መልስ ነው፤ ረጅም ስለሆነ ዋና ዋናውን ብቻ ላስቀምጥ። አሉሚኒየም ማጣበቂያ የማይወድ ብረት ነው። መጀመሪያ በአሴቶን ይጠረጋል፣ ከዚያ በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ እንደገና ይጠረጋል። መፈተኛው ንጹሕ ውኃ ነው፦ ውኃው እንደ ስስ መስታወት ሳይቆራረጥ ከተዘረጋ ቅጠሉ ተዘጋጅቷል፤ ጠብ ጠብ ብሎ ከተሰበሰበ ቅባት አለበትና ሥራው ይደገማል። ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣበቅ አለበት፤ ቆይቶ የሚፈጠረው ዝገት መሰል ሽፋን ማጣበቂያውን ያስለቅቃል።

ኢፖክሲው በካሬ ሜትር በእያንዳንዱ ፊት 200 ግራም፣ በሲሊካ ዱቄት ወፈር ተደርጎ ይቀባል። ከቀጠነ በሰፈፉ ግድግዳ ላይ ወርዶ ያልቃል፤ መያያዣውም ክር የምታህል መስመር ትሆንና ትለቃለች። ሰሌዳው የሚጣበቀው ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ራዲየሱ 18 ሜትር በሆነ ጎባጣ ቅርጽ ላይ ነው፤ 1.2 ሜትር ላይ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍታ ይሰጣል። ጉብታው ከሌለ የ300 ኪሎው ጫና ሰሌዳውን ወደ ውስጥ ያጎደጉደዋል፣ ብሪጁም ከአውታሮቹ ይሸሻል። የዙሪያው 40 ሚሊ ሜትር እምብርት ወጥቶ በስፕሩስ ጣውላ ይተካል፤ ከዙሪያ ግድግዳው ጋር የሚገናኘው እንጨት ከእንጨት ጋር እንዲሆን።

ብሪጁ ላይ መላሹ ረዘም አድርጎ ጽፏል፣ ልክም ነው። ሜፕል ከተባለው ጠንካራ እንጨት የሚሠራው ብሪጅ በቪቴ እንዳይታሰር፤ ቪቴው ስሱን ቅጠል ይበሳል፣ ክፍልፋዮቹንም ይጨፈልቃል። ሥሩ በሙሉ ከተጣበቀ ጫናው ለሁሉም ስለሚከፋፈል እምብርቱ በቀላሉ ይችለዋል። አሉሚኒየም ግን በሙቀት ከሜፕል ይልቅ ብዙ ይለጠጣል፤ በ1.2 ሜትር ብሪጅ ላይ የ15 ዲግሪ ለውጥ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ልዩነት ያመጣል። ድርቅ ያለ ኢፖክሲ ይህን አይችልም፣ ከጫፍ ጀምሮ ይላቀቃል። መፍትሔው ለስለስ ያለውን ዓይነት ኢፖክሲ መርጦ፣ 0.25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር ቁራጮችን በመሃል አስቀምጦ መጫን ነው፤ ክሮቹ ማጣበቂያው ተጨምቆ እንዳያልቅ ይጠብቁታል።

ሲያልቅ ሰሌዳው ሁሉ በአንድ ብር ሳንቲም ጠርዝ መታ መታ እየተደረገ ይፈተሻል። በደንብ የያዘው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የለቀቀው ደግሞ ይደነዝዛል። አውራ ጣት የምታህል የለቀቀች ቦታ እንኳ ፒያኖው ሲመታ ትርርር ትላለች።

12ኛ መልስ

አሥራ ሁለተኛው መላሽ ሁሉንም ወደ መነሻው መለሳቸው። ጠያቂው የተነሳው ከስንጥቅ ነውና ስንጥቅ ከምን እንደሚመጣ ይታይ አለ። የአየሩ እርጥበት ከ65 ወደ 40 በመቶ ሲወርድ እንጨቱ ውስጥ ያለው ውኃ ከ12 ወደ 8 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ከጭረቱ አግድም 1 ሜትር የሆነ ስፕሩስ በነጻ ቢለቀቅ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይኮማተራል፤ ሪቦቹና ግድግዳው ስለያዙት ግን መኮማተር አቅቶት ይሰነጠቃል። አሉሚኒየም በ20 ዲግሪ የሙቀት ለውጥ የሚንቀሳቀሰው ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚህ በኩል ጠያቂው እውነት አለው።

ይሁን እንጂ የተሰነጠቀ ሰሌዳ የሞተ ሰሌዳ አይደለም። ድምፅ የሚያበላሸው ስንጥቁ ሳይሆን ከስንጥቁ ጋር የለቀቀው ሪብ ነው፤ እሱ ነው የሚንጣጣው። ቋሚ ፒያኖ ጀርባው ክፍት ስለሆነ አንድም አውታር ሳይፈታ ይጠገናል። ስንጥቁ በቢላ በቪ ቅርጽ ይከፈታል፣ በልኩ የተላገ የስፕሩስ ሽብልቅ ኮላ ተቀብቶ ይገባል፣ ሲደርቅ በመሮ ይስተካከላል። የለቀቀው ሪብ ሥር ኮላ በስስ ቅጠል ቢላ ይገባና በሞርሳ ይያዛል። ይህ የሚሠራው በበጋ፣ ስንጥቁ በሰፊው በተከፈተበት ጊዜ ነው። በክረምት ከተሠራ ሽብልቁ ጠቦ ይገባና በጥር ጎኑ እንደገና ይከፈታል። ሰሌዳ መቀየር ግን ከ220 በላይ አውታር ፈትቶ፣ ከባዱን ክፈፍ በማንሻ አውጥቶ፣ ሁሉንም እንደገና መግጠም ነው።

13ኛ መልስ

ክሩ እዚህ ወደ ጎን ወጣ። አሥራ ሦስተኛዋ ስለ ከፍታ አነሳች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,355 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሩ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። ያው ሰሌዳ በያው ንዝረት ለስስ አየር የሚሰጠው ድምፅ ከ1 ዴሲቤል ትንሽ በላይ ይቀንሳል። ጆሮ በጭንቅ የሚለየው ነው፣ ግን አለ። 11ኛውንም መላሽ አንድ ነገር አስታወሰችው፦ ሰሌዳውን በቫኪዩም ከረጢት እጫናለሁ የሚል ሰው እዚህ ከ0.76 ባር በላይ ግፊት ማግኘት አይችልም፣ ከባሕር ጠረፍ የመጣ መመሪያን እንዳለ መከተል አይሠራም። ለባለ ሰፈፍ ሰሌዳ ደግሞ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ይበቃል።

14ኛ መልስ

አንዱ ከፍታው የፒያኖውንም ቅኝት ይለውጣል ብሎ ገባ። ይህ ስሕተት ነው፤ ሌላ ሰውም ወዲያው አረመው። የአውታር ድምፅ የሚወሰነው በርዝመቱ፣ በውጥረቱና በክብደቱ ነው። የዋሽንት እንኳ ቅኝት የሚከተለው የአየሩን ሙቀት እንጂ ግፊቱን አይደለም።

15ኛ መልስ

6ኛው መላሽ ተመልሶ መጣ። ስለ ቃሉ ይቅርታ ጠይቆ፣ በተራው ጠቃሚ ነገር አበረከተ። ኖታዎቹ ቶሎ መሞታቸው ጠያቂውን ካሳሰበው፣ ሰሌዳውን ከመክሰሱ በፊት ቅኝቱን እንዲያይ መከረው። የፊዚክስ ተመራማሪው ገብርኤል ዋይንራይክ በ1977 እንዳሳየው፣ ለአንድ ቁልፍ የተሰጡት አውታሮች በብሪጁ በኩል እርስ በርስ ይነጋገራሉ። አብረው ብሪጁን ሲገፉ ጉልበታቸው ቶሎ ያልቃል፤ ተቃራኒ ሲሆኑ ብሪጁ ስለማይንቀሳቀስ ድምፁ በዝግታ ይረዝማል። በመካከላቸው ያለው እጅግ ጥቃቅን የቅኝት ልዩነት የኖታውን ዕድሜ ይወስናል። ያልተቃኘ ፒያኖ ላይ ሆኖ ስለ ሰሌዳ መፍረድ አይቻልም። በዚህ መልስ ከልቤ ተደስቻለሁ።

16ኛ መልስ

ጠያቂው ሁሉንም አመስግኖ ውሳኔውን አሳወቀ። የ2 ሚሊ ሜትሩን ላሜራ ትቶታል። ፒያኖው በበጋው በስፕሩስ ሽብልቅ ይጠገናል፣ ከዚያም ይቃኛል። ባለ ሰፈፉን ሐሳብ ግን አልጣለውም፤ በ10ኛው መልስ መሠረት 300 በ50 የሆነ አንድ ቁራጭ ሠርቶ ከስፕሩስ ቁራጭ ጋር ያወዳድራል።

17ኛ መልስ

የመጨረሻውን የጻፈችው 9ኛዋ መላሽ ናት። አንድ ቁራጭ እንደማይበቃ አስታወሰችው። ሰፈፉ የሚሠራው ረጃጅም ሪባኖችን በየቦታው በማጣበቅና በመለጠጥ ስለሆነ፣ በሪባኑ አቅጣጫ ያለው የመንሸራተት ግትርነት ከአግድሙ እጥፍ ገደማ ነው። ሁለት ቁራጭ ይቆረጥ፣ አንዱ በሪባኑ ርዝመት፣ ሌላው በአግድሙ፤ በእስክሪብቶም ምልክት ይደረግባቸው፣ ቅጠሉ ከተለጠፈ በኋላ አቅጣጫው አይታይምና።